«ያኔ ቴርሞሜትር ይዞ ማን ነበር?» ላሉት አንባቢ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው በዓለም ዜና ገጻችሁ «ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ውቅያኖስ ከዛሬው በ6 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር» የምትል አራት መስመር ዜና አውጥታችሁ ነበር። በሚቀጥለው እትም አንድ አንባቢ «ያኔ ቴርሞሜትር ይዞ ባህር ውስጥ የቆመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ጥያቄያቸው ወጣ፣ መልስ ግን አልወጣም። እኔ ሰውየው ያሾፉ አይመስለኝም። አራት መስመር አንብቦ ሌላ ምን ሊባል ይቻላል? እንዴት እንደታወቀ ያልተነገረው ሰው ወይ ዝም ብሎ ይቀበላል ወይ ዝም ብሎ ይክዳል፣ ሁለቱም አይጠቅሙም። እኔ የምሠራው ጀርመን፣ ብሬመን ውስጥ ከባህር ወለል የወጣ ጭቃ በሚመረመርበት ላብ (ቤተ ሙከራ) ነውና የማውቀውን ልጻፍላቸው፣ ረዘም ቢልም ታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እዚያ የነበሩማ ነበሩ። ፎራሚኒፌራ ይባላሉ፣ ላብ ውስጥ አሳጥረን ፎራም ነው የምንላቸው። ባለ አንድ ሴል ፍጡሮች ናቸው፣ አብዛኞቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞሉም፣ ግን ከባህሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ለራሳቸው የኖራ ዛጎል ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ላይ ላዩን ብርሃን ባለበት ይንሳፈፋሉ፣ ሌሎቹ ኑሯቸው ታች ወለሉ ላይ ነው። የሚንሳፈፉት ሲሞቱ ዛጎላቸው ይሰምጥና ወለሉ ላይ ይቀራል፣ በላዩ ሌላ ይመጣል፣ በላዩ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ መሀል ውቅያኖስ ላይ በሺህ ዓመት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢቆለል ነው። ከመርከብ ላይ ረጅም ቱቦ አውርደው ጭቃው ውስጥ ሰክተው ሲያወጡት የቅርቡ ከላይ፣ የጥንቱ ከታች ሆኖ ይገኛል።

ላብ ሲደርስ ጭቃው በየሴንቲ ሜትሩ ይቆረጣል፣ ቀዳዳው 63 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ላይ በውሃ ይታጠባል፣ ደቃቁ ሸክላ ይወርድና ወንፊቱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይቀራል። በዓይን ሲያዩት አሸዋ ነው የሚሉት። ደርቆ ማይክሮስኮፕ ስር ጥቁር ትሪ ላይ ሲበተን ግን አብዛኛው ቅንጣት ዛጎል ነው፣ ክብ ክብ ክፍሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀው ቁርጥ ፈንዲሻ ነው የሚመስሉት። ጫፉ በጣም የቀጠነ ብሩሽ በውሃ ነካ እየተደረገ አንድ በአንድ ይነሳሉ፣ በየዝርያቸው ይለያሉ። ለምሳሌ ግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር የምትባለው ሞቃት ባህር ላይ ላዩን የምትኖር ናት፣ ነጭም ሮዝም አላት፣ ሮዟ ከህንድ ውቅያኖስና ከፓስፊክ የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ጠፍታለች፣ አትላንቲክ ውስጥ ግን እስካሁን አለች። ስለዚህ ከህንድ ውቅያኖስ በመጣ ጭቃ ውስጥ ሮዝ ሩበር ከታየች ማሽን ሳይነካ ዕድሜው ከዚያ እንደሚበልጥ ይታወቃል። እኔ ይሄን ሥራ ስወደው ለዚህ ነው፣ ማስረጃው በእጅ ይነሳል።

እሺ፣ ዛጎሉስ ሙቀቱን እንዴት ነው የሚናገረው? መንገዱ አንድ አይደለም፣ ዋናው ቁም ነገር ራሱ እዚህ ጋ ነው ያለው።

የመጀመሪያውን ያሰበው ሀሮልድ ዩሪ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፣ የኖቤል ተሸላሚ፣ ጽሑፉ የወጣው በ1947 ነው። ኦክስጅን ቀላልና ከባድ አለው፣ ኦክስጅን 16 እና ኦክስጅን 18፣ ከባዱ ከሺህ ውስጥ ሁለት ገደማ ቢሆን ነው። ዛጎል ሲሠራ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ከባዱ ትንሽ በዛ ብሎ ይገባል፣ ልዩነቱ ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ ለሚሆን ለውጥ ከሺህ አንድ ያህል ነው። እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይመስላል፣ ማሽኑ ግን ይለየዋል። ከዚያ ቼዛሬ ኤሚሊያኒ የሚባል ጣሊያን፣ ቺካጎ ዩሪ ላብ የነበረ፣ በ1955 ፎራሞችን በዚህ መንገድ ለክቶ የበረዶ ዘመን አንድ ጊዜ ወይ አራት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ መጥቶ እንደሄደ አሳየ፣ ካሪቢያን ባህርም በበረዶ ዘመን 6 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነበር አለ።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ባህር ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ይቀድማል፣ እሱ ደመና ሆኖ ካናዳና ስካንዲኔቪያ ላይ በረዶ ሆኖ ከወደቀና ሳይቀልጥ ከተቆለለ ባህሩ ውስጥ ከባዱ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ዛጎል ውስጥ ከባድ ኦክስጅን በዛ ማለት ወይ ውሃው ቀዝቅዟል ነው፣ ወይ የብስ ላይ በረዶ በዝቷል ነው፣ ወይ ሁለቱም ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። ኤሚሊያኒም የበረዶውን ድርሻ ለማስላት ሞክሮ ነበር፣ ግን አሳነሰው። በ1967 ካምብሪጅ የነበረው እንግሊዛዊው ኒኮላስ ሻክልተን ያደረገውን እዩልኝ። ላይ የሚንሳፈፉትን ትቶ ታች ወለሉ ላይ የሚኖሩትን ፎራሞች ተመለከተ። ጥልቁ ባህር ዛሬም ቢሆን አንድ ሁለት ዲግሪ ነው ያለው፣ የባህር ውሃ ደግሞ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በረዶ ይሆናል፣ ስለዚህ ጥልቁ ከዛሬው በ6 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ የሚችልበት መንገድ የለም። የታቾቹ ዛጎሎች ግን ከላይኞቹ ጋር የሚቀራረብ ለውጥ ነው ያሳዩት። እንግዲህ ለውጡ በአብዛኛው ከሙቀት የመጣ ሳይሆን ከበረዶው የመጣ ነው ማለት ነው! ይሄን ሁሌ ሳስበው ይደንቀኛል፣ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ባሉ ዛጎሎች ብቻ ካናዳ ላይ የነበረን የበረዶ ብዛት ከባህሩ ሙቀት ለየ። ጠያቂው አንባቢ ማወቅ ያለባቸው አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ «በምን አወቃችሁ» የሚለውን ጥያቄ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ ሲጠያየቁት ነው የኖሩት።

ከዚያ ሌላ መለኪያ መጣ፣ ማግኒዢየም። ውሃው ሲሞቅ ፎራሟ ዛጎሏን ስትሠራ ከካልሲየሙ ጋር ማግኒዢየም ይበዛባታል፣ ለአንድ ዲግሪ 9 በመቶ ገደማ። በረዶ የትም ቢቆለል ይሄን ቁጥር ያን ያህል አይነካውም፣ ስለዚህ ካንድ ናሙና ዛጎሎች ማግኒዢየሙ ሙቀቱን ይሰጥሃል፣ ያንን ከኦክስጅኑ ላይ ስትቀንስ የውሃው የራሱ ኦክስጅን ለብቻው ይቀርልሃል። ችግሩ ጽዳት ነው። ሸክላ ራሱ ማግኒዢየም አለው፣ በዛጎሏ ክፍሎች ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ሸክላ ባህሩን ሳይሞቅ ታሞቀዋለች። ስለዚህ ዛጎሎቹ በሁለት መስታወት መሀል ቀስ ተደርገው ይሰበራሉ፣ በንጹህ ውሃና በሜታኖል ይታጠባሉ፣ በድምፅ ሞገድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይደፋል፣ እንደገና፣ እስኪጠራ ድረስ እንደገና፣ ከዚያ ነው በቀጭን አሲድ ሟሙተው ማሽን ውስጥ የሚገቡት። በጣም ጥልቅ ባህር ውስጥ ደግሞ ዛጎሉ ራሱ መሟሟት ይጀምራል፣ በማግኒዢየም የበለጸገው ክፍል ስለሚቀድም ቁጥሩ ወደ ቅዝቃዜ ያጋድላል። ይሄ ሁሉ ይታወቃል፣ ይታረማል፣ ማረሚያው ግን የራሱ ስህተት አለው፣ ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጎን ± የምትለዋ ምልክት የምትጻፈው፣ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለመናገር። እናንተ ግን ከዜናው ላይ እሷን ቆረጣችኋት።

ሦስተኛው ኬሚስትሪ አይደለም፣ ቆጠራ ነው። የትኛው ዝርያ ምን ያህል አለ? ሞቃት የሚወዱት ከቀነሱና ብርድ የሚወዱት ከበዙ ባህሩ ቀዝቅዟል። በ1971 ጆን ኢምብሪና ኒልቫ ኪፕ ይሄን በስታቲስቲክስ ወደ ዲግሪ የሚቀይር መንገድ አወጡ፣ ክሊማፕ የተባለው ትልቅ ፕሮጀክት ደግሞ በዚሁ መንገድ በ1976 የመጨረሻውን የበረዶ ዘመን፣ ማለትም የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማውን፣ የውቅያኖስ ሙቀት ካርታ አሳተመ። ካርታው ሐሩር ባህሮች ብዙም አልቀዘቀዙም አለ። ይሄ ግን ከተራሮቹ ጋር አልገጠመም። እኛው አገር ባሌ ላይ፣ ሰሜን ተራሮችም ላይ የበረዶ ግግር እንደነበረ ዓለቶቹ ያሳያሉ፣ ሌሎችም የሐሩር ተራሮች እንዲሁ፣ ባህሩ ሳይቀዘቅዝ ተራራው ብቻ ያን ያህል እንዴት ይቀዘቅዛል ተባለ፣ ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጀ። ማግኒዢየሙ ሲመጣ፣ ጥቃቅን አልጌዎች ከሚተዉት የስብ ዓይነት የሚሠራው መለኪያም ሲጨመር (ከአልጌዎቹ የአንዷ ስም ኤሚሊያኒያ ሀክስሌይ ነው፣ ለኤሚሊያኒ መታሰቢያ የተሰጠ) ሐሩሩም ጥቂት ዲግሪ እንደቀዘቀዘ ታየ።

አሁን ወደ እናንተ 6 ዲግሪ እንመለስ። በ2009 ማርጎ የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ዘዴዎቹን አንድ ላይ አድርጎ የውቅያኖሱ ገጽ በአማካይ በ1.9 ± 1.8 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር አለ፣ ልብ በሉልኝ፣ ±ው ቁጥሩን ሊያክል ምንም አልቀረው። በ2020 ደግሞ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያለችው ጄሲካ ቲየርኒና ባልደረቦቿ የባህር መረጃውን ከአየር ንብረት ሞዴል ጋር አዋህደው 6.1 ዲግሪ ብለዋል፣ ይሄ ግን የመላው ምድር ገጽ ነው፣ የብሱንም በረዶ የተከመረበትንም ጨምሮ። የባህሩ ገጽ ለብቻው በእነሱም ስሌት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። እና ዜናችሁ የምድሩን ቁጥር ለውቅያኖሱ ሰጥቶታል። ትንሽ ስህተት እንዳትሏት፣ እጥፍ ናት።

ብዙ ሰው «የባህር ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው፣ ወደብ የለን» ይል ይሆናል፣ እኔም እዚህ ካሉ አበሾች እሰማዋለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ የዚህ ሳይንስ ትልልቅ ነገሮች የወጡት እዚሁ አጠገባችን ካለ ጭቃ ነው።

ቀይ ባህርን እንውሰድ። ከህንድ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው በባብ ኤል መንደብ ነው፣ ሀኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ጥልቀት ደግሞ 137 ሜትር ብቻ ነው። በበረዶ ዘመን የዓለም ባህር ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ወይ ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ስለዚህ በሩ ሊዘጋ ምንም ያህል አልቀረውም፣ ውሃው እንደልብ አይገባም አይወጣም፣ ፀሐዩ ያተነዋል፣ ጨዋማነቱ በሺህ ከ50 አለፈ፣ በመሀልና በሰሜን ቀይ ባህር ተንሳፋፊዎቹ ፎራሞች ጭራሽ ጠፉ። የዚያን ዘመን ጭቃ ታጥባለህ፣ ታጥባለህ፣ እነሱን አታገኝም። ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ዛጎሎች ላይ ያለው የኦክስጅን ለውጥ ደግሞ ከሌላው ባህር ሁሉ የገዘፈ ነው፣ ያንን እንደ ሙቀት ብታነበው የማይሆን ቁጥር ነው የሚወጣልህ። ምክንያቱ ትነቱ ነው፣ ትነቱ የሚወሰነው በበሩ ነው፣ በሩ ደግሞ በባህሩ ከፍታ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በ2003 ነገሩን ገልብጠው ቀይ ባህርን የዓለም ባህር ከፍታ መለኪያ አደረጉት! አንዱ ዘዴ አንድ ቦታ ሙቀት ይለካል፣ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ይለካል፣ ቦታውን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን ማንበብ አይችልም።

ከመካከለኛው ደቡብ ህንድ ውቅያኖስ ደግሞ ጄምስ ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን ከወሰዷቸው ሁለት የጭቃ ቱቦዎች በ1976 ያሳተሙት አለ። ኦክስጅኑን፣ ከራዲዮላሪያ (እነዚህም እንደ ፎራም ባለ አንድ ሴል ተንሳፋፊዎች ናቸው) ቆጠራ የተሰላውን የባህር ሙቀት፣ የአንዲት ራዲዮላሪያን ብዛት፣ ሦስቱን ባንድ ላይ አይተው በየ100 ሺህ፣ በየ42 ሺህና በየ23 ሺህ ዓመቱ የሚመላለስ ምት አገኙ፣ ሰርቢያዊው ሚላንኮቪች ከምድር ዙሪት በስሌት ካወጣው ጋር የሚገጥም። ያቺ የ23 ሺህ ዓመቷ ናት በእኛ ክረምት ላይ እጇ ያለው። ዛሬ ለየብቻ ያሉት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከ10 ሺህ ዓመት ወዲህ ባለ ጊዜ እንኳን ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ሞልቶ ወደ አዋሽ የሚፈስ።

የኤደን ባህረ ሰላጤማ ጭራሽ የእኛ ነው ማለት ይቻላል። በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የቁፋሮ መርከብ እዚያ ቆፍራ ካወጣችው ጭቃ ውስጥ የእሳተ ገሞራ አመድ ተገኝቶ ነበር፣ በኬሚስትሪው ሲመረመር ሀዳር ላይ ካለው የሲዲ ሀኮማ አመድ ጋር አንድ ነው፣ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ንብርብር ዝቅ ብሎ ያለው ማለት ነው። ባህሩ ውስጥ ከአመዱ በላይና በታች ያሉት ጥቃቅን ቅሪተ አካላት የየትኛው ዘመን እንደሆኑ ስለሚታወቅ በ1980ዎቹ የሀዳር ዕድሜ ሲያከራክር አንዱ ምስክር ይሄ ጭቃ ነበር። እና ደግሞ ከዚያ የሚበልጠው፣ እነ ድንቅነሽ አፋር ላይ ሲኖሩ ባህሩ ምን ያህል ሙቀት እንደነበረው መጠየቅ የሚቻለው በዚህ አመድ በኩል ነው፣ የብሱን ንብርብር ከባህሩ ንብርብር ጋር ያሰረው እሱ ስለሆነ።

ለዛሬው ኑሮም ቢሆን። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ሶማሌና ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ላ ኒና (የመካከለኛውና የምሥራቁ ሐሩር ፓስፊክ ገጽ መቀዝቀዝ)፣ የህንድ ውቅያኖስ፣ የምዕራብ ፓስፊክ ሙቀት ነበር። የባህር ሙቀት በመሳሪያ በደንብ የተለካው ቢበዛ 150 ዓመት ነው፣ እሱም በእኛ አካባቢ የመርከብ መንገድ ላይ ብቻ፣ ራሳቸውን ችለው የሚንሳፈፉት መለኪያዎች ከተበተኑ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ቢሆናቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ነበር ወይ፣ ባህሩ እንዲህ ሲሆን ዝናቡ ምን ይሆናል ብለህ ወደ ኋላ መጠየቅ የምትችለው ጭቃውን ብቻ ነው። ያቺው ቲየርኒና ባልደረቦቿ በ2015 ከኤደን ባህረ ሰላጤ ጭቃ ላይ ከየብስ የመጣ፣ የዝናቡን ሁኔታ የሚናገር የቅጠል ሰም ለክተው የአፍሪካ ቀንድ በቅርቡ የደረቀበት ፍጥነት ባለፉት 2 ሺህ ዓመታት ውስጥ ያልተለመደ መሆኑን አሳይተዋል። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ወደፊት ዝናቡ ይጨምራል ነው የሚሉት። ማን ነው ትክክል? ይሄ ለቦረናው አርብቶ አደር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፣ የጉድጓድ፣ የመኖ፣ የስንት ከብት ላቆይ ጥያቄ ነው።

ጭቃው ደግሞ አለ። ከኤደን ባህረ ሰላጤ የወጣው ኒውዮርክ አጠገብ ላሞንት በሚገኘው ማከማቻ፣ ጃፓን ኮቺ ባለው ማከማቻ በቅዝቃዜ ተቀምጧል፣ ተመራማሪ አመልክቶ ናሙና ይወስዳል። ወንፊት፣ ማድረቂያ፣ ማይክሮስኮፕና ብሩሽ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቆጠራውን መጀመር ይችላል፣ ማሽን የሚፈልገውን ክፍል ከውጭ ላብ ጋር መሥራት ይቻላል። የአገራችን የጂኦሎጂ ተማሪዎች አባይ በረሃ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መሀል ወርደው በዳይኖሰር ዘመን ባህር የተወውን የኖራ ድንጋይ እያዩ ነው የሚመረቁት፣ ዓይናቸው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከእነሱ አንዱ ላሞንት ኢሜይል ቢጽፍ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ከምን እንደተለካ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከዛጎል ነው ከስብ ነው ከቆጠራ ነው፣ ከየትኛው ባህር ነው፣ ላይኛው ውሃ ነው ጥልቁ፣ ±ውንም አትቁረጡት፣ ቦታ ከጠበበ ርዕሱን አሳጥሩ። የዚያችንም ዜና ማስተካከያ አውጡልን፣ 6 ዲግሪው የመላው ምድር ገጽ አማካይ ነው፣ የውቅያኖሱ ገጽ በዚያው ጥናት 3 ገደማ ነው ብላችሁ፣ በተቻለ መጠን ዜናው በወጣበት ገጽ ላይ። ጠያቂው አንባቢ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ካላቸው በእናንተው በኩል ይላኩልኝ፣ እመልሳለሁ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ ከብሬመን